ሲቲ ይሻላል ወይስ ቪ/ኪው? ሳንባው ውስጥ ደም የረጋበት ሰው መጀመሪያ ቀኑን ይቁጠር

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የሠፈሬ ልጅ ደወለችልኝ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በገባች በሦስተኛው ቀን ግራ ባቷ አብጦ ነበር። "የበረራ ድካም ነው" ብላ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ዋለች። በአምስተኛው ቀን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ አጠራት፣ ደረቷን ውጋት ያዛት፣ በአምቡላንስ ድንገተኛ ክፍል ገባች። ሲቲ ተነሳች። ሁለቱም ሳንባዎቿ ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ደም ማቅጠኛ ተጀመረላት፣ በአራተኛው ቀን ቤቷ ገባች። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ሥራ ነው የተሠራው።

የደወለችልኝ ግን ከአምስት ወር በኋላ ነው። ደረጃ አሁንም አይሆንላትም። ሌላ ሐኪም ቤት ሄዳ ሁለተኛ ሲቲ ተነስታለች፣ "ንጹሕ ነው፣ ክሎት (የረጋ ደም) የለም" ተብላለች። ክብደት ቀንሺ፣ እንቅስቃሴ ጀምሪ ብለው ሸኝተዋታል። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ "ሦስተኛ ሲቲ ላሠራ ወይስ ኑክሌር ስካን የሚሉት ነገር ይሻላል?" ኑክሌር ስካን ያለችው ቪ/ኪውን ነው።

እኔ ኢሜጂንግ ክፍል ነው የምሠራው። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ራዲዮሎጂስት አድርጎ ሾሞኛል እንጂ ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ፣ ፎቶውን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ቢሆንም ይህ ጥያቄ ስለበዛብኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

እኔ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "ሕመሙ ከጀመራችሁ ስንት ጊዜ ሆነ?" ብዬ ነው። ዛሬ ወይም ትናንት ከሆነ አንድ መልስ አለ። ደም ማቅጠኛ ጀምሮ ሦስት ወር ካለፈው ሌላ መልስ አለ። ብዙ ሰው የሚጎዳው ለመጀመሪያው ቀን የታዘዘውን ምርመራ ለአምስተኛው ወርም ስለሚደግመው ነው።

ከማሽኑ በፊት

ሳንባ ውስጥ የሚገኘው የረጋ ደም ብዙ ጊዜ የተፈጠረው እዚያ አይደለም። እግር ውስጥ፣ ጥልቅ ደም መላሽ ሥር ላይ ይረጋል፣ ይቆረጣል፣ በቀኝ ልብ አልፎ ሳንባ ውስጥ ይሰነቀራል። ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድ፣ ካንሰር፣ ኤስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያ፣ ረጅም ጊዜ አልጋ ላይ መዋል ዋና ዋናዎቹ መነሻዎች ናቸው። በረራም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ያወጣው ጥናት ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ አደጋውን እጥፍ ያደርገዋል ይላል። ግን አትደንግጡ፤ ያው ጥናት ለጤነኛ ሰው የሚሰጠው ቁጥር ከ6,000 ተጓዥ አንድ ሰው ገደማ ነው። መንገዱ ከአዲስ አበባ አሜሪካ ሲሆንና መድኃኒቱ ወይም የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ሲጨመርበት ነው ሒሳቡ የሚለወጠው።

አንድ ሰው ደረቱን ስለወጋው ብቻ ወደ ሲቲ አይሮጥም። ሐኪሙ መጀመሪያ ነጥብ ይይዛል። እግር አብጧል? የልብ ምት በደቂቃ ከ100 በላይ ነው? ባለፉት አራት ሳምንታት ቀዶ ሕክምና ነበር? ደም ያስላል? ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት ያውቃል? ነጥቡ ዝቅ ካለ ዲ-ዳይመር የሚባል የደም ምርመራ ይታዘዛል። የተለመደው ወሰን 500 (ናኖግራም በሚሊ ሊትር) ነው። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆነ ዕድሜው በ10 ይባዛል፤ ለ70 ዓመት ሰው 700 ይሆናል ማለት ነው። ከወሰኑ በታች ከሆነ በቃ፣ ሲቲ አያስፈልግም፣ ወደ ቤት። ከወሰኑ በላይ መሆኑ ግን ክሎት አለ ማለት አይደለም፤ እርግዝናም፣ የሳንባ ምችም፣ ቀዶ ሕክምናም ከፍ ያደርጉታል። ዲ-ዳይመር "የለም" ሲል ይታመናል፣ "አለ" ሲል ግን ምስክር ይፈልጋል።

ነጥቡ ከፍተኛ ከሆነና ሰውዬው ካስፈራ ደግሞ ደም ማቅጠኛው ከፎቶው በፊት ይጀመራል። ይህን የምለው "ሳያረጋግጡ መድኃኒት ሰጡን" ብሎ የሚቆጣ ቤተሰብ ስለማይጠፋ ነው። ሐኪሞቹ ልክ ናቸው፣ ተዉአቸው።

የመጀመሪያው ቀን የሲቲ ነው

ማዘዣው ላይ ሲቲፒኤ ተብሎ ይጻፋል። ተራ የደረት ሲቲ አይደለም፤ በክንድ የሚወጋው ማድመቂያ ቀለም፣ ኮንትራስቱ፣ ልክ ሳንባ ደም ሥር ውስጥ ሲደርስ ጠብቆ የሚነሳ ነው። ጥያቄው "አሁን ክሎት አለ ወይ?" ከሆነ እሱን የሚያህል የለም። ፈጣን ነው፣ ማታም እሑድም ይሠራል፣ ክሎት ባይኖር እንኳ የሳንባ ምች ወይም የአኦርታ መሰንጠቅ ካለ ያሳያል። ቀኝ ልብ ከግራው ሰፍቶ እንደሆነም ያው ፎቶ ላይ ይታያል፣ ይህ ደግሞ ሰውዬው አልጋ ይያዝ ወይስ መድኃኒት ይዞ ይሂድ የሚለውን ለመወሰን ይጠቅማል።

እዚያ ክፍል ስትገቡ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ክርን መታጠፊያ ላይ ወፈር ያለ ካኑላ ይገባል። እጅ ጀርባ ላይ ያለችው ቀጭኗ አትበቃም፣ ምክንያቱም ኮንትራስቱ በማሽን በሴኮንድ 4 ወይም 5 ሚሊ ሊትር እየተገፋ ነው የሚገባው። ሲገባ ጉሮሮ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ሆድ፣ ቀጥሎ ወደ ታች፣ ከዚያ ሽንት ያመለጣችሁ ይመስላችኋል። አላመለጣችሁም። አንድ ጊዜ ይህን ሳልናገር ቀርቼ አንድ ትልቅ ሰው በሐፍረት ብድግ ብለውብኝ ፎቶው ሁሉ ተበላሽቷል። "ትንፋሽ ያዙ" ስትባሉ ደግሞ ልክ ውኃ ውስጥ እንደሚጠልቅ ሰው በኃይል አትሳቡ። በኃይል ሲሳብ ኮንትራስት ያልነካው ደም ከሆድ በኩል ተስቦ ይገባና ቀለሙን ያቀጥነዋል። እንደ ወትሮው ሳብ አድርጎ መያዝ ነው። ጥቂት ሴኮንድ ነው፣ ያልቃል።

ፎቶው ላይ ደሙ ነጭ ይሆናል፣ ክሎቱ ነጩ መሃል ግራጫ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። በ2006 በወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት፣ ፒዮፔድ ሁለት በሚባለው፣ ክሎት ካለባቸው 100 ሰዎች ሲቲ ያገኘው 83ቱን ነበር። ከሌለባቸው 100 ደግሞ 96ቱን በትክክል "የለም" ብሏል። ያኔ የነበሩት ማሽኖች ከዛሬዎቹ ጋር አይወዳደሩም፤ አሁን ያለው የተሻለ ነው።

ችግሩ አንዳንዴ መሻሉ ራሱ ነው። ሲቲ በጣም ትንንሽ ክሎቶችን ማየት ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ በ1998 ከ100,000 ሰው 62 ገደማ ይመዘገብ የነበረው በሽታ በ2006 ወደ 112 ወጣ፣ የሟቾች ቁጥር ግን በዚያ ልክ አልተለወጠም። ስለዚህ ሪፖርታችሁ ላይ "አንዲት ትንሽ ሰብሴግመንታል ክሎት" (ቀጭን የሥር ቅርንጫፍ ላይ ያለች ማለት ነው) የሚል ካያችሁ ሐኪሙ ቆም ብሎ ቢያስብ፣ እግር በአልትራሳውንድ ይታይ ቢል፣ ቸልተኛ ነው አትበሉ።

ሲቲን የሚያስቀሩ ነገሮች ጥቂት ናቸው። ኩላሊት በጣም የደከመ፣ በተለይ የማጣሪያ ቁጥሩ ከ30 በታች የሆነ ሰው ላይ ሐኪሞች ያመነታሉ። ከዚህ በፊት ኮንትራስት ተወግቶ ትንፋሽ የቆረጠው ወይም ያበጠ ሰውም አለ። በነገራችን ላይ "ዓሣ አይስማማኝም፣ አዮዲን አለው ብለውኛል" የሚለው ነገር መሠረት የለውም። የዓሣ አለርጂ የኮንትራስት አለርጂ ማለት አይደለም። ተናገሩ፣ ግን በዚህ ምክንያት ምርመራው አይቅር። ሜትፎርሚን የምትወስዱ የስኳር ሕመምተኞችም ለቴክኒሻኑ ንገሩ።

ጨረሩ ስንት ነው ለሚለኝ፦ ከ3 እስከ 10 ሚሊሲቨርት ገደማ። ሰው ከአፈሩም ከሰማዩም በዓመት በአማካይ የሚያገኘው 2.4 ነው። ትንሽ አይደለም፣ የሚያስሸሽም አይደለም።

ቪ/ኪው የሚያየው ሌላ ነገር ነው

ቪ አየሩ ነው፣ ኪው የደም ፍሰቱ ነው። ሰው "ኑክሌር ስካን" ሲል ይደነግጣል፤ በስሙ ምክንያት የሄዱብኝ አሉ። ጨረሩ ግን ከሲቲው ያንሳል፣ 1 ወይም 2 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ኮንትራስት የለም፣ ኩላሊት አይነካም።

አሠራሩ ደስ ይላል። መጀመሪያ አፍንጫ ይቆነጠጥና በአፍ በቱቦ ጨረር ያለው ጋዝ ወይም ጉም ትስባላችሁ። አውስትራሊያውያን የፈጠሩት ቴክነጋዝ የሚባል አለ፤ ካርቦኑን በትንሽ ምድጃ ከ2,700 ዲግሪ በላይ አሙቆ እንደ ጭስ የረቀቀ ነገር ያወጣል። አሜሪካ የፈቀደችው በ2023 ነው፣ ሌላው ዓለም ግን ለብዙ ዓመታት ሲጠቀምበት ነበር። ቀጥሎ ክንድ ላይ ትንሽ መርፌ አለች። መርፌዋ ውስጥ ያለው ከሰው አልቡሚን የተሠራ ደቃቅ ብናኝ ነው፣ ቴክኒሺየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ነገር የተለጠፈበት። ብናኙ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ከመውጋቴ በፊት ሲሪንጁን አገላብጣለሁ። ጀርባችሁ ላይ ተኝታችሁ ነው የምትወጉት፤ ተቀምጣችሁ ከሆነ ብናኙ ወደ ሳንባው ሥር ይወርዳል። ጥቂት መቶ ሺህ ብናኝ ይገባና እጅግ ደቃቅ የሆኑ የሳንባ ሥሮች ላይ ይቆማል፤ ከ1,000 ሥር አንዱን ገደማ ብቻ ነው የሚዘጋው፣ ከሰዓታት በኋላ ይሟሟል። ከዚያ እጅ ወደ ላይ፣ ካሜራው በዙሪያችሁ ይዞራል። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት አይሞላም፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አያምም።

ልዩነቱ የሚገባው የአዲስ አበባን ውኃ ለሚያውቅ ሰው ነው። ሲቲ ቧንቧውን ያያል፤ የት ተደፈነ፣ ምን ተወተፈበት። ቪ/ኪው ግን ጓሮ ድረስ ሄዶ ባልዲው ውስጥ ውኃ ወርዷል ወይ ብሎ ያያል። ዋናው መስመር ደህና መስሎ ሠፈሩ ሙሉ ውኃ ያጣበትን ቀን ሁላችንም እናውቃለን። አየር የሚገባበት ደም ግን ያልደረሰበት የሳንባ ክፍል ካለ፣ ያ ቦታ ፎቶው ላይ እንደተገመሰ እንጀራ ጎድሎ ይታያል።

ታዲያ ለምን ለመጀመሪያው ቀን አይሆንም? ይሆናል፣ ግን ብዙ ጊዜ ያወላውላል። በ1990 የወጣው የመጀመሪያው ፒዮፔድ ጥናት ላይ ክሎት ከነበረባቸው ሰዎች "ከፍተኛ ዕድል" የሚል ቁርጥ ያለ ውጤት ያገኙት 41 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት "ምናልባት" ውስጥ ወደቁ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ "ምናልባት" አያሠራም። ሙሉ በሙሉ ጤነኛ የሆነ ቪ/ኪው ግን ቁርጥ መልስ ነው፣ ክሎት የለም።

እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ቲቢ የነበረበት ሰው። የቲቢ ጠባሳ ያለበት ሳንባ ላይ አየሩም ደሙም እኩል ይጎድላል፣ አስምና የሲጋራ ሳንባም ፎቶውን ያምታታሉ። ቪ/ኪው የሚያምረው የደረት ራጁ ንጹሕ በሆነ ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ከ20 ዓመት በፊትም ቢሆን የቲቢ መድኃኒት ወስዳችሁ ከሆነ ተናገሩ፣ አትደብቁ፤ ራጁ ላይ ያለውን ነጭ ነገር ያላወቀ ሐኪም የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል።

ሌላው ችግር አቅርቦት ነው። ቴክኒሺየም በ6 ሰዓት ግማሹ ያልቃል፣ መጋዘን አይቀመጥም። ሌሊት የሚሠራ ሆስፒታል ጥቂት ነው። በተቃራኒው በ2022 ሻንጋይ በኮቪድ ተዘግታ የኮንትራስት ፋብሪካው ሲቆም፣ ብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ቪ/ኪውን አስታውሰው አቧራውን አራግፈውለታል።

ለእርጉዝ

ይህ ላይ ሁሉም ሰው ይጨነቃል። መጀመሪያ እግሯ ካበጠ በአልትራሳውንድ ይታይ፤ እዚያ ክሎት ከተገኘ ሕክምናው አንድ ስለሆነ ደረቷ ፎቶ ሳያስፈልገው ይጀመራል። እግሯ ንጹሕ ከሆነና ራጇም ንጹሕ ከሆነ የደም ፍሰቱን ብቻ የሚያየው የቪ/ኪው ግማሽ በትንሽ መጠን ይበቃል፣ የጡቷም ጨረር ከሲቲው በጣም ያነሰ ነው። ራጇ ንጹሕ ካልሆነ ሲቲ። ፅንሱ ላይ የሚደርሰው ጨረር በሁለቱም በጣም ትንሽ ነው፣ ጉዳት ከሚያሰጋበት መጠን እጅግ በታች። የሚያስፈራው ምርመራውን መተው ነው። የምታጠባ ከሆነች ከኮንትራስት በኋላ ማቋረጥ አያስፈልጋትም፤ ከቪ/ኪው በኋላ ግን ለተወሰኑ ሰዓታት ወተቱን አልባ መድፋት ስላለባት ቀድማ ወተቷን አልባ ማስቀመጥ ብትችል ጥሩ ነው።

ኢኮ፣ አልትራሳውንድ፣ ኤምአርአይ

ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ክሎቱን ብዙ ጊዜ አያሳይም፤ የሚያሳየው ቀኝ ልብ እንዴት እንደሆነ ነው። ግፊቱ የወደቀ፣ ወደ ሲቲ ክፍል ሊገፋ የማይችል ሰው አልጋው አጠገብ ኢኮ ይሠራለታል፣ ቀኝ ልቡ ከተነፋ ሐኪሙ በዚያ ይወስናል። ቀኝ ልብ ደህና ነው ማለት ግን ክሎት የለም ማለት አይደለም። "ኢኮ ተሠራሁ ነፃ ነኝ" ብሎ ቤቱ የሚሄድ ሰው ያሳስበኛል።

ኤምአርአይ ጨረር ስለሌለው ሰው ይወደዋል። በ2010 የወጣው ፒዮፔድ ሦስት ግን ከአራት ሰው የአንዱ ፎቶ ለማንበብ የማይሆን ነበር ብሏል። የሚሠሩት ሠልጥነው ብዙ ልምድ ያላቸው ቦታዎች ብቻ ናቸው። እኔ ቤተሰቤን ለዚህ ኤምአርአይ አልልክም።

ሦስት ወር ሲያልፍ

አሁን ወደ ሠፈሬ ልጅ እንመለስ፣ ምክንያቱም ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ክፍል ነው።

ደም ማቅጠኛ ክሎቱን አያሟሟም፤ እንዳያድግ ይይዘዋል፣ ሰውነት ራሱ ቀስ ብሎ ያጸዳዋል። አብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታትና በወራት ይጸዳል። ጥቂት ሰዎች ላይ ግን አይጸዳም። ክሎቱ ወደ ጠባሳ ይለወጥና ቧንቧ ላይ እንደጋገረ ዝገት ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ደሙ በጠበበው ቀዳዳ ለማለፍ ግፊት ይጨምራል፣ ቀኝ ልብ ይደክማል። ይህ በሽታ በምሕጻረ ቃል ሲቴፍ ይባላል፣ ከክሎት የመጣ ሥር የሰደደ የሳንባ ደም ሥር ግፊት ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ ከ1,000 በላይ ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ 2.3 በመቶ የሚሆኑት ላይ አግኝቶታል። ትንሽ ነው። ግን አውሮፓ ውስጥ በተሰበሰበ መዝገብ ምልክቱ ከጀመረበት እስኪታወቅ 14 ወር ገደማ ይፈጃል፣ ከአራት ሕሙማን ደግሞ አንዱ ገደማ ከዚህ በፊት ክሎት እንደነበረበት እንኳ አያውቅም።

የሚያናድደው መዘግየቱ ነው። ሰው "ደከመኝ" ሲል ይመከራል፦ ክብደት፣ ጭንቀት፣ እንቅስቃሴ ማነስ። አብዛኛው ጊዜ እውነትም እሱ ነው፤ ከክሎት በኋላ የሚደክም ሰው ብዙ ነው፣ ሲቴፍ ያለበት ጥቂት። ግን ሳያዩ መገመትና አይቶ ማለት ይለያያሉ።

የ2019 የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ መንገዱን ግልጽ አድርጎታል። ከ3 እስከ 6 ወር መካከል ሰውዬው ይጠየቃል፦ ትንፋሽ ያጥርሃል? ካጠረው ኢኮ። ኢኮው ግፊት ከጠረጠረ፣ ወይም ኢኮው ባይጠረጥርም አደጋው ከፍ ካለ፣ ቪ/ኪው። ቪ/ኪው ንጹሕ ከሆነ ሲቴፍ የለም፣ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ጉድለት ካሳየ ወደ ልዩ ማዕከል።

እዚህ ላይ ነው ቪ/ኪው ሲቲን የሚበልጠው። በ2007 ለንደን ላይ የወጣ ጥናት ቪ/ኪው ከ96 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ሲያገኝ ሲቲ ያገኘው ግማሽ ያህሉን፣ 51 በመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሲቲ ማሽኖች ተሻሽለዋል፣ ይህን በሽታ በየቀኑ የሚያይ ራዲዮሎጂስት ካነበበው ልዩነቱ በጣም ይጠብባል። ችግሩ የሚያነበው ሰው ምን እየፈለገ ነው የሚለው ላይ ነው። አዲስ ክሎት ሥሩን ሞልቶ፣ ወጥሮ፣ መሃሉ ላይ ተቀምጦ ይታያል። የቆየው ግን ቀጭን ድር ነው፣ ክር ነው፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስስ ነገር ነው፣ አንዳንዴ ሥሩ ራሱ ጠብቦ መጨረሻው ይጠፋል። ማታ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ "አዲስ ክሎት አለ ወይ?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው "የለም" ብሎ ይጽፋል። አልዋሸም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

ስለዚህ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ሲቲ የምታሠሩ ከሆነ ማዘዣው ላይ "የቆየ ክሎት ይፈለግ" ተብሎ ይጻፍ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ውጤቱን ግን ትለውጣለች። ዱዋል ኢነርጂ የሚባለው አዲሱ ሲቲ ደግሞ የደም ስርጭቱንም ካርታ ያወጣል፣ ካለ ይጠቅማል።

ቪ/ኪው ጉድለት ካሳየ በኋላ የሚመጣው የቀኝ ልብ ካቴተር ነው፤ አንገት ወይም እጅ ላይ በቀጭን ቱቦ ገብቶ ግፊቱ በቀጥታ ይለካል። በ2022 በወጣው መመሪያ አማካዩ ከ20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ነው ተብሏል፣ ድሮ 25 ነበር። ያኔ የሥሮቹ ፎቶ ለቀዶ ጥገና ሐኪሙ እንደ ካርታ ይሆናል፣ ሲቲም አንጂዮግራፊም (በቱቦ ኮንትራስት ሥሩ ውስጥ ተረጭቶ የሚነሳው ፎቶ) እዚህ ይመለሳሉ።

ይህን ሁሉ የምለው ሲቴፍ ከሳንባ ግፊት በሽታዎች ሁሉ በቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችል ስለሆነ ነው። ሰውነት ወደ 20 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ የደም ዝውውሩ እስከ 20 ደቂቃ ባለ ጊዜ ይቆማል፣ ጠባሳው ከሥሩ ግድግዳ ይላጣል። ሳንዲያጎ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና እንግሊዝ ካምብሪጅ ያለው ሮያል ፓፕዎርዝ ስማቸው ይነሳል። ልምድ ባላቸው ቦታዎች የሚሞተው ከ5 በመቶ በታች ነው። ቀዶው ለማይሆንለት ሰው የጠበበውን ሥር የሚከፍት፣ ጃፓኖች ያሻሻሉት ባሉን አለ፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ሪዮሲጓት የሚባል እንክብል። ደም ማቅጠኛው ዕድሜ ልክ ይቀጥላል።

ሀገር ቤት ላላችሁ

ቪ/ኪው እንደ ሲቲ በየቦታው አይገኝም። ሲቲ የሚያነሱ የግል ማዕከላትና ሪፈራል ሆስፒታሎች አሉ፣ ኢኮም አለ። እኔ ብሆን በሦስተኛው ወር ትንፋሽ ካጠረኝ ኢኮውን አስቀድማለሁ፣ በተለይ ግፊቱን የሚለካ ካርዲዮሎጂስት ጋ። ኢኮው ከጠረጠረ ሲቲውን ማዘዣው ላይ "የቆየ ክሎት ይፈለግ" የሚለውን ሐረግ አስጽፌ አሠራለሁ። የሩማቲክ የልብ በሽታና የቲቢ ጠባሳም የሳንባ ግፊት ስለሚያመጡ ኢኮው እነሱንም ይለያል፣ ስለዚህ ገንዘቡ አይባክንም።

ድንገት ትንፋሽ የቆረጠው፣ ራሱን የሳተ፣ ደም ያሳለ ሰው ግን ይህን ማንበብ ትቶ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ሌላ ምክር፦ የመጀመሪያውን ሲቲ በሲዲ አስቀዱና ቤታችሁ አስቀምጡ። ወረቀቱን ሳይሆን ፎቶውን። ያኔ ክሎቱ የት የት እንደነበረ ያላየ ሐኪም የዛሬውን ጠባሳ ለመለየት ይቸገራል።

የሠፈሬ ልጅ ይህን ለማስቀዳት ሁለት ሳምንት ተመላለሰች። ሦስተኛ ሲቲ አላሠራችም። ቪ/ኪው ተነሳች፣ ቀኝ ሳንባዋ ታች ላይና ግራው ሁለት ቦታ አየር ገብቶ ደም ያልደረሰበት ጎዶሎ ታየ። የቀኝ ልብ ካቴተር ቀጠሮ ተያዘላት። ልዩ ማዕከሉ ውስጥ ያለው ራዲዮሎጂስት ሁለቱንም ሲዲዎች ጎን ለጎን ከፍቶ "ንጹሕ" የተባለውን ሁለተኛውን ሲቲ እንደገና አየው። ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ክር የምታህል ድር ነበረች፣ ያኔም።